ለድኩላ የሚሆን ጥይት

ሚስት የሞተችበት ሰው ብዙ ዓይነት ሞኝነት ይሠራል። አንዱ ዓመቱ ሳይሞላ ያገባል። አንዱ መጠጥ ቤት ቋሚ ወንበር ይይዛል። አንዱ አዲስ አበባ ልጆቹ ዘንድ ሄዶ ሶፋ ላይ ሲፈዝ ይውላል። እኔ ግን ጥይት መምረጥ ጀመርኩ። አዎ፣ ጥይት። ለድኩላ የሚሆን።

ከሥሩ ልጀምርላችሁ፤ ከመሐል ብጀምር ያበድኩ ይመስላችኋል። ከሥሩም ብትጀምር ያው ነው የምትሉ ካላችሁ አልከራከርም።

ዓለም ከተማ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ መንገድ ዳር በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋለሁ። ሱሪ አሳጥራለሁ፣ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የወፈረ ሰው ኮት አሰፋለሁ፤ ያው ሰው ሲከሳ መልሼ አጠብብለታለሁ። ባለቤቴ በለጥሻቸው በሕይወት ሳለች ቤታችን ሰው ተለይቶት አያውቅም ነበር። እኔም ሰው የሚመጣው ለእኔ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ተዝካሯ ወጥቶ፣ ድንኳኑ ፈርሶ፣ የዕድሩ አግዳሚ ወንበር ተመልሶ፣ ከዚያ በኋላ በሬን የሚያንኳኳ ሲጠፋ ነው ሰው ይመጣ የነበረው ለማን እንደሆነ የገባኝ። ሐዘን ላይ ሳለሁ እንኳ ሰው ነበረኝ። የከበደኝ ሐዘኑ አለቀ ሲባል ነው።

ሬዲዮ ገዛሁ። ዜና አንባቢዋ «እንደምን ዋላችሁ» ስትል «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ እመልስላታለሁ። ሁለቱ ልጆቻችን አዲስ አበባ ናቸው፤ ይደውላሉ። ምን አዲስ ነገር አለ ይሉኛል፤ ምንም የለም፣ እናንተ ጋስ እላለሁ፤ ምንም የለም ይላሉ። ምንም እንደሌለ ከተማመንን በኋላ እንዘጋለን። አንዳንድ ቀን ልብሱን ሊወስድ የመጣ ደንበኛ ትንሽ እንዲቆይልኝ ብዬ የተተኮሰውን ሱሪ ደግሜ እተኩሳለሁ። አንድ መምህር እንዲያውም ሱሪዬ ሊቃጠል ነው ብሎ ከእጄ ነጥቆ ሄዷል።

ድኩላው የመጣው እንግዲህ በዚህ መሐል ነው።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ መሬቱ ወደ ጀማ ወንዝ ቁልቁል መውረድ ሲጀምር፣ ከአባቴ የደረሰችኝ ቁራሽ እርሻ አለችኝ። በዚያ ዓመት ሽምብራ ዘርቼባት ነበር። ታኅሣሥ ላይ እሸቱ ሲደርስ ከገደሉ ውስጥ አንድ ወንድ ድኩላ ይወጣና ጎህ ሲቀድ ቁርሱን በልቶ ይመለሳል። አንድ ቀንዱ ከጫፉ ተሰብሯል። አንድ ጠዋት ደርሼበት ጮኽኩበት፤ ቀና ብሎ አየኝና የያዘውን አኝኮ ውጦ፣ ምንም ሳይቸኩል ሄደ። እኔም የሚያባርር ሰው አልመስልም ነበር፤ ድምፄ ከረጅም ዝምታ በኋላ ስለሆነ ቀጥኖ ወጣ።

ያን ዕለት ከሰዓት እትዬ አስካለ ጠላ ቤት ገባሁ። ጎረቤቴ ናት፤ ከበለጥሻቸው ጋር እንደ እህት ነበሩ። ለተቀመጡት ሰዎች ድኩላ ሽምብራዬን እየፈጀብኝ ነው አልኳቸው። ማንም ቀና አላለም። የአንዱን ዝንጀሮ ይበላበታል፣ የሌላውን ጃርት ይቆፍርበታል፤ የእኔ ድኩላ ምኑ ይደንቃል? ጠላዬን ይዤ ወደ ጥጌ ልመለስ ስል እንዲሁ ከአፌ አምልጦኝ፣ የአባቴ ምንሽር ቤት አለች፣ ለድኩላ ምን ዓይነት ጥይት ይሻል ይሆን አልኩ።

ቤቱ በሙሉ ዞረ። ጥይት የሚባለውን ቃል እኛ አገር ጠላ ቤት ውስጥ መጣል ለዶሮ እህል እንደመበተን ነው። አንዱ ወንበር ሳበልኝ። አንዱ ጠላዬን አስጨመረልኝ። ስንት ወር ሙሉ ስገባ «ደህና ዋልክ» ከማለት ያላለፈ ሰው ሁሉ ስሜን እየጠራ ያስረዳኝ ጀመር። እኔ ስለ ጠመንጃ የማውቀው ነገር የለም። ለመጨረሻ ጊዜ የተኮስኩት አንድ ሰርግ ላይ ወደ ሰማይ ነው፤ ሰማዩን ማግኘቴንም እርግጠኛ አይደለሁም። ግን በዚያ ከሰዓት እየሰማሁ ራሴን ስነቀንቅ ዋልኩ፤ ቤቴ ስገባም ሬዲዮውን መክፈት ረሳሁ።

በማግስቱ ሕግ አክባሪ ነኝና ወደ ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። እዚያ ያለው ባለሙያ በትሕትና፣ ድኩላ የመንግሥት ጥበቃ ያለው እንስሳ ነው፣ መጮኽና ማባረር ይችላሉ፣ ያለ ፈቃድ መግደል ግን ክልክል ነው አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ። ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። ግን በረንዳዬ ላይ ሃምሳ አለቃ ተሰማ ተቀምጠው ሲጠብቁኝ አገኘኋቸው። ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ስለ መሣሪያ ሲያወሩ ግን ጉልበታቸው ይሻለዋል። ባለሙያው ያለኝን ነገርኳቸው።

ጥቂት አሰቡና «መግደል ነው እንጂ መምረጥ ክልክል ነው አላለህም» አሉ።

እውነት ነው፣ አላለም።

እንዲህ ሆኖ የጥይት ጉባኤው ተጀመረ። ሃምሳ አለቃ የሚሉት፣ ለድኩላ የሚሆነው አፉ ሹል፣ ቀጭን፣ መዳብ የለበሰ ጥይት ነው። ሩቅ ይሄዳል፣ አይዛነፍም፣ በስቶ ስለሚያልፍ ሥጋ አያበላሽም። ይህን ሲሉ የንስሐ አባታችን መምሬ ክንፈ ከመንገድ ሰምተው ገቡ። መምሬ ክህነት ከመቀበላቸው በፊት በወጣትነታቸው ቆላ ወርደው ያደኑ ሰው ናቸው። እርሳቸው እንደሚሉት ሹሉ ጥይት ለሰው የተሠራ እንጂ ለእንስሳ አይደለም። በስቶ ያልፋል፤ እንስሳው ሦስት ጋራ ተሻግሮ በሥቃይ ይሞትና ለጅብ ይሆናል። ለድኩላ የሚሆነው አፉ ዱልዱም፣ ጫፉ ለስላሳ እርሳስ የሆነ ጥይት ነው፤ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ይከፈታል፣ ያለበት ላይ ይጥለዋል። ማሠቃየት ኃጢአት ነው አሉ። ሃምሳ አለቃ፣ ሥጋውስ፣ ግማሹን ያበላሸው የለም ወይ ብለው ተከራከሩ። መምሬ፣ ጾም ላይ ሆነህ ስለ ሥጋ ታወራለህ ወይ አሏቸው። ጾሙ ይፈታ የለም ወይ አሉ ሃምሳ አለቃ። እንዲህ እያሉ መሸ።

በማግስቱም መጡ። በሦስተኛውም ቀን መጡ። ሌሎችም ጨመሩ፤ በረንዳዬ ጠበበ። ሰፈሩ የሹልና የዱልዱም ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ስለ ነፋስ ያስረዳል፣ አንዱ ስለ ቁልቁለት፤ ወደ ታች ሲተኮስ ጥይት ከፍ ይላል የሚልና ዝቅ ይላል የሚል ተጣልተው አስታረቅናቸው። ናሙና ይዘውልኝ ይመጡ ጀመር። አንዱ ካባቱ ሳጥን ሥር ያገኘውን፣ አንዱ እርሻ ሲያርስ የወጣለትን፣ መምሬ ከወጣትነታቸው የቀረችውን ዱልዱም እርሳስ፤ ሁሉንም በበለጥሻቸው መሐረብ ቋጥሬ አስቀመጥኩ።

ብትጠይቁኝ እኔ የየትኛው ወገን ነበርኩ? ተነስቶ ሊሄድ የደረሰው ወገን የትኛው እንደሆነ እያየሁ የእሱ እሆን ነበር። ሃምሳ አለቃ ከዘራቸውን ሲያነሱ «ኧረ ሹሉስ ሳይሻል አይቀርም» እላለሁ፤ ይቀመጣሉ። መምሬ ጥምጥማቸውን ሲያስተካክሉ «ማሠቃየቱ ግን ይከብደኛል» እላለሁ፤ ይቀመጣሉ። በዚህ ዓይነት እስከ ፋሲካ ልገፋው እችል ነበር። እትዬ አስካለ ብቻ ናት አንድ ቀን ጠላ ይዛልን መጥታ፣ ክርክሩን ቆማ ሰምታ፣ «ለመሆኑ ድኩላው ቢወድቅ ማን ሊሠራው ነው? እዚህ ቤት ምጣድ ከተጣደ ስንት ጊዜው» ብላ የሄደችው። ክፉ አስባ አይደለም። ግን ያን ቀን ሰው ሁሉ ቶሎ ተነሣ፤ እኔም ማንንም ለማስቀረት አልሞከርኩም።

ነገር የተበላሸው ሃምሳ አለቃ ከወታደርነት ዘመናቸው ያቆዩአት ናት የተባለች አንዲት ሹል ጥይት ይዘው የመጡ ዕለት ነው። የሚያብረቀርቅ ነገር ናት፤ ሲያዩዋት መምሬ ሳይቀሩ ጠጋ አሉ። ሃምሳ አለቃ፣ ክርክሩን እንተወውና ልኳን እንያት፣ ምንሽሯን አምጣት አሉኝ። ከአልጋዬ በላይ ከግድግዳው ላይ አውርጄ አመጣሁላቸው። እኔ ሱሪ ሳልለካ የማልቆርጥ ሰው ነኝ። ደንበኛ በቃሉ ወገቤ ይህን ያህል ነው ቢለኝ አላምነውም፤ ሜትሬን አወጣለሁ። ያን ቀን ግን ጥይቷንና ጠመንጃዋን ጎን ለጎን አድርጌ ማየት እንኳ አልታሰበኝም። ሃምሳ አለቃ አስገቡና አቀባበሉ። ጥይቷ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። በመዳፋቸው ገፉ፤ ጥቂት ገባችና ደግማ ቆመች። ወደ ኋላ ሳቡ፤ አልመጣም አለች። እኔም ሳብኩ። ወደፊትም ወደ ኋላም የለም።

መምሬ ቀስ ብለው «ጎርሳለች?» አሉ።

«ጎርሳለች» አሉ ሃምሳ አለቃ፤ ጥይት ውስጧ ተቀርቅሮባታል፣ ቢነኳት ልትተኩስ ትችላለች ማለት ነው።

ከዚያ የሆነው ቶሎ ነው። መምሬ ቀብር እንዳለባቸው ትዝ አላቸው፤ በከተማው ማንም አልሞተም ነበር። ሃምሳ አለቃ ጠመንጃዋን እንደ ተኛ ሕፃን ቀስ አድርገው ጭኔ ላይ አስቀመጡና፣ እንዳታነቃንቃት፣ እንዳትጥላት፣ ፀሐይም አይምታት ብለው፣ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው አይቼው በማላውቅ ፍጥነት መንገዱን ተሻገሩ። ሌላው መቼ እንደሄደ አላየሁም። በረንዳው ላይ እኔና እሷ ቀረን።

ሳልተነፍስ ተነሥቼ፣ አፈሙዟን ገደሉ ወዳለበት፣ ቤት ወደሌለበት ግድግዳ አዙሬ አልጋዬ ላይ አጋደምኳት። እኔ ማድ ቤት ገብቼ መኖር ጀመርኩ። አልጋውን፣ ብርድ ልብሱን፣ ቁም ሣጥኑን ለቀቅኩላት፤ ቀለብ ነው ያላቀረብኩላት። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ከተማውን ዞረ። ደንበኞቼ ከመንገዱ ማዶ ቆመው፣ ልብሱን አጥሩ ላይ አስጣልን ይሉኛል፤ ዩኒፎርም ሁሉ አጥር ላይ ተሰጥቶ ቤቴ የትምህርት ቤት ሰልፍ መሰለ። ሃምሳ አለቃ በሰው ምክር ይልካሉ፤ ዘይት ጠብ አድርግባት፣ ግን አትንካት። እንዴት አድርጌ ሳልነካት ጠብ እንደማደርግባት አልላኩም። ጠላ ቤት ስገባ ከጎኔ የነበረው ሰው ይነሣል። ጠመንጃዋ ቤት ናት እንጂ ኪሴ ውስጥ አይደለችም ብዬ ብምልም ሰው አላመነኝም። ድሮ የምቀመጥበት ጥግ እንኳ ወንበሩ ተነሥቶ ነበር።

ቀድሞ ሰው የማይመጣው ስለማያስታውሰኝ ነበር። አሁን እያስታወሰኝ ነው የማይመጣው። የትኛው እንደሚሻል አስቤበት አልደረስኩበትም።

በመጨረሻ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ተረኛው ፖሊስ ነገሩን ሰምቶ፣ በመጀመሪያ ጠመንጃዋን ይዤ ስላልመጣሁ አመሰገነኝ። ቀጥሎ፣ እንዲህ ያለውን የሚፈታ በዚህ አካባቢ አንድ ሰው ነው፣ ቆላ ያለው አያሌው፣ ያውቁታል ወይ አለኝ። አማቼ ነው አልኩት። «እንግዲያው ምን ቸገረዎት» አለ።

ምን እንደቸገረኝ ለእሱ አልነገርኩትም፤ ለእናንተ ግን መንገር አለብኝ። አያሌው የበለጥሻቸው ታላቅ ወንድም ነው፤ ከእኔ ጋር እኩያ ነን። ከሽምብራዬ አልፎ ቁልቁል ያለው መንደር ውስጥ ያርሳል፤ ጎን ለጎን የሰው ጠመንጃ ይጠግናል። በለጥሻቸው ስታርፍ፣ እናትና አባታችን ያረፉበት ሚካኤል ትቀበር ብሎ ቃሬዛ የሚሸከሙ ሰዎች ይዞ መጣ። እኔ ደግሞ አልሰጥም አልኩ። በእግሬ ደርሼ የምመለስበት ቦታ እንድትሆንልኝ ፈለግሁ፤ እዚሁ ከተማው ቤተ ክርስቲያን ተቀበረች። አያሌው አንድ እፍኝ አፈር ጣለባትና ሰዎቹን ይዞ ሄደ። ለተዝካሩም አልመጣም። እኔም አልሄድኩም። ከዚያ ወዲህ ተያይተን አናውቅም።

የሚኒባሱ ረዳት ገና ከሩቅ ሲያየኝ ሞልቷል አለ፤ መኪናው ባዶ ነበር። በእግሬ ተነሣሁ። ቀኑ ገበያ ነበርና መንገዱ ወደ ላይ በሚወጣ ሰው ተሞልቷል። እኔ አፈሙዟን ወደ ሰማይ ቀስሬ፣ እንቁላል እንደተሸከመ ሰው እየረገጥኩ እወርዳለሁ። ታቦት እንደሚያልፍ ሰው ሁሉ ወደ ዳር ወጣልኝ፤ ልዩነቱ እልል የሚል አለመኖሩ ነው። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሰፊ መንገድ ኖሮኝ አያውቅም። ወሬ ያልደረሳት አንዲት አህያ ብቻ ከጭነቷ ጋር ትከሻዬን ታክካ አለፈች፤ ባለቤቷ ከዳገቱ ላይ ሆኖ ሲጮኽባት ነበር።

ሽምብራዬ ዘንድ ስደርስ ድኩላው ቆሟል። በጠራራ ፀሐይ። ጠመንጃውን አየ፣ እኔን አየ። እኔም እጄ ላይ የጎረሰ መሣሪያ ይዤ፣ በዓለም ላይ ካለ ሰው ሁሉ መተኮስ የማልችለው እኔ ብቻ ሆኜ አየሁት። ደክሞኝ ስለነበር ካቡ ላይ ተቀመጥኩ። አልሸሸም። ጎንበስ ብሎ መብላቱን ቀጠለ። እውነቱን ለመናገር ከዚያች ጥይት ወዲህ ከአህያዋ በቀር ከጎኔ ያልሸሸ ፍጡር እሱ ብቻ ነበርና፣ ሽምብራው ሲያልቅ እያየሁ ትንሽ ዐረፍኩ።

አያሌው ግቢ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። ሚስቱ ጽጌ ከአጥሩ ማዶ ሆና ጎንበስ ብላ፣ «ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ» አለችኝ፤ ዐይኗ ግን አፈሙዙ ላይ ነበር። አያሌው ከጓሮ ወጣ። ፂሙ ሸብቷል። ሰላምታ አልሰጠኝም፤ እጁን ዘርግቶ ጠመንጃዋን ተቀበለኝ። ግቢው ውስጥ ካለው ትልቅ ሾላ ግንድ ላይ፣ አፈሙዟን ወደ ገደሉ አዙሮ በገመድ ጠፍሮ አሠራት። ጽጌንና ጎረቤቶቹን ከካቡ በስተጀርባ እንዲሆኑ ላካቸው።

«አንተም ሂድ» አለኝ።

«አልሄድም።»

«ብትፈነዳስ?»

«ያመጣሁብህ እኔ አይደለሁ? እዚሁ እሆናለሁ።»

ዘይቱን በላባ እየነከረ መቀባት ጀመረ። ሳያየኝ «ሁለታችንም ብንሞት የት ሊቀብሩን ነው?» አለ።

ይህን ጥያቄ እየሸሸሁ ነበር የቆየሁት። «አንተን እዚህ፣ እኔን እሷ ጋ» አልኩት።

ዘይቱ ወደ ውስጥ እስኪሰርግ መጠበቅ አለብን ብሎ ሾላው ሥር ተቀመጠ። እኔም ተቀመጥኩ። ዘይት ቀስ ብሎ ነው የሚሰርገው። ሁለት የተኳረፉ ሰዎች፣ ከፊታቸው የጎረሰ ጠመንጃ ታሥሮ፣ ሌላ የሚሠራ ሥራ የላቸውም። በስተመጨረሻ እሱ ቀድሞ ጠየቀኝ፤ የተቀበረችበት ቦታ ምን ይመስላል አለኝ። የዚያን ዕለት ተናድዶ ስለነበር አላየውም። የወይራ ዛፍ አጠገብ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ያገኘዋል አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ከቆየ በኋላ «ጠመንጃ ነፍሷ አይወድም ነበር፤ ታውቃለህ አይደል?» አለኝ።

አላውቅም ነበር።

ልጅ ሳለች ሰርግ ላይ መተኮስ ሲጀምር ጎተራ ውስጥ ትገባ ነበር አለ። ድግሱ አልቆ እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ አባታቸው እየፈለገ ከእህሉ ውስጥ ያወጣታል። አንድ ጊዜማ እዚያው እንቅልፍ ወስዷት ፀጉሯ ገብስ በገብስ ሆኖ ወጣች አለና ሳቀ። እኔ ግን ጠመንጃዋን ትዳር ከያዝን ጀምሮ ከአልጋችን በላይ ሰቅያት ነው የኖርነው። ስንት ዓመት ሥሯ ተኝታ፣ አንድ ቀን አውርዳት አላለችኝም።

እንደማፈር አደረገኝ። ግን ከሐፍረቱ ሥር ሌላ ነገር ነበረ፤ እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። እሷ ከሞተች ወዲህ ስለ እሷ የማውቀው ሁሉ ያው የማውቀው ነበር፤ ደጋግሜ እያሰብኩት አልቆብኝ ነበር። አሁን ፀጉሯ ላይ ገብስ ያለባት አንዲት ልጅ መጣችልኝ። ደግመህ ንገረኝ አልኩት። ደግሞ ነገረኝ።

ዘይቱ ሲሰርግ አያሌው ተነሣ። የእንጨት መዶሻውን ያዘ፣ ፊትህን አዙር አለኝና መታ መታ አደረጋት። ሳልፈልግ ዞሬ አየሁት፤ ዐይኑን ጨፍኖ ነበር። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ላይ ጠቅ አለችና ጥይቷ ወጥታ አፈሩ ላይ ወደቀች። ሁለታችንም እባብ እንዳየ ሰው ቆመን አየናት። አያሌው መዶሻውን ጣለና ሾላው ሥር ተቀመጠ።

«ስንት ጊዜ አውጥተህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«ባዶ ቀለህ ብዙ ጊዜ። የጎረሰ ገና ዛሬ» አለ።

ጽጌ ከካቡ ጀርባ ሮጣ ስትመጣ ሾላው ሥር ተቀምጠን እንስቅ ነበር፤ ተጎድተን የምናለቅስ መስሏት ጮኸች።

በኋላ መሐረቡን ፈታሁለት። ከዚያ ሁሉ ናሙና ለአባቴ ምንሽር የምትሆን አንዲትም አልነበረችም። አንዷ የመትረየስ ሳትሆን አትቀርም አለ፤ ደግሞ መለስ ብሎ እንጃ አለ። አንዷ ውስጧ አመድ ነበር። የመምሬ ዱልዱም እርሳስማ ከነጭራሹ ጥይት አልነበረችም፤ ምን እንደሆነች እሱም እኔም አላወቅንም። ለምን ፈለግኸው ቢለኝ፣ ለድኩላ፣ ሽምብራዬን ፈጀብኝ አልኩት።

«ያ ቀንዱ የተሰበረው?» አለኝ። «እሱ የእኔን ጨርሶ ነው ወደ አንተ የወጣው።»

ጠመንጃዋን እዚያው ትቼለት ሄድኩ። የአባትህ ናት ውሰዳት አለኝ፤ እኔ ግን ያን ከነገረኝ በኋላ ከአልጋዬ በላይ ልሰቅላት እንደማልችል ነገርኩት። በሳምንቱ እሑድ ነጠላውን አጣፍቶ መጣ። ወይራው ሥር አብረን ቆምን። ቦታውን ዞር ዞር ብሎ አየና ፀሐዩ እውነትም ደህና ነው አለ። ቤቴ ገብቶ በልቶ ሄደ።

ጠመንጃዋ ከቤቴ መውጣቷ ሲሰማ ሃምሳ አለቃና መምሬ ተያይዘው መጡ። ሃምሳ አለቃ በወረቀት የተጠቀለለች ሌላ ጥይት ይዘዋል፤ ይቺስ ልክ ናት አሉ። ተቀመጡ አልኳቸው፤ ጥይቱን ግን እንተወው፣ ከእንግዲህ አልፈልገውም አልኳቸው። ፊታቸው ወደቀ። ሊነሡ ነው ብዬ ፈራሁና፣ ያን ዕለት ሾላው ሥር ከተቀመጥኩ ጀምሮ በልቤ የነበረውን ጠየቅኋቸው።

«ስለ በለጥሻቸው እኔ የማላውቀው ነገር ታውቁ እንደሆነ ንገሩኝ» አልኩ።

መምሬ፣ እኔ የማውቀው በንስሐ የተነገረኝ ነው፣ የሚወራ አይደለም፣ ግን ልጄ፣ የሚያሳፍር ምንም የለበትም አሉ። ሃምሳ አለቃ የኮታቸውን ቁልፍ በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«ይህን ማን የተከለው ይመስልሃል?» አሉኝ።

እኔ ነኛ አልኩ። ኮቱን የሰፋሁት እኔ ነኝ።

እንዳልሆነ ነገሩኝ። እኔ የምተክለው ቁልፍ ድሮም ይወድቃል፤ ከተማው በሙሉ ያውቃል። በለጥሻቸው ሰው ልብሱን ተቀብሎ ሲወጣ በጓሮ በር ጠብቃ፣ ቁልፉን አጥብቃ እንደገና ትሰፋለት ነበር። ለእሱ እንዳትነግሩት፣ ቅር ይለዋል ትላለች። ሁሉም ቃሉን ጠበቀ። መምሬም ቀሚሳቸውን ቁልቁል አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይህኛው እንኳ ከንስሐው ውጪ መሆኑ ነው።

እስኪያመኝ ሳቅሁ። ሲሄዱ በሩ ድረስ ሸኘኋቸው።

እሷ ካረፈች ወዲህ የሰፋሁት ልብስ ሁሉ አሁን ቁልፉ እየወለቀ ነው። ሰዎቹ አንድ በአንድ ይመጣሉ፤ ኮታቸውን አውልቀው በረንዳው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል፤ እኔም እሷን የሚያውቋት ከሆነ እጠይቃቸዋለሁ። ቁልፉን በዚህኛው ዙር ከበፊቱ አጥብቄ ነው የምሰፋው። ትንሽ ብቻ።